ቁጥሩ እጅዎ ገብቷል፤ ከዚያስ?

አክስትዎ አጭር መልእክት ልከዋል፦ «ያቺ ያልኩህ ልጅ ናት። ነግሬያታለሁ፣ ደውልላት።» ከሥሩ በ09 የሚጀምር ቁጥር አለ። ፎቶ የለም፤ ዕድሜዋም ሥራዋም አልተጻፈም። መልእክቱ ከመጣ 4 ቀን ሆኖታል። በየማታው ከፍተው ያዩታል፤ ከዚያ «ምን ብዬ ልጀምር?» ይሉና ስልኩን አስቀምጠው ይተኛሉ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሰው ነው። ደዋዩ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ሴት ብትደውል ግን ጉድ የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ስለዚህ የሚከተለው ለሁለቱም ነው።

የመተዋወቂያ መተግበሪያዎችን ለማጥላላት አልተነሣሁም። ቲንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ከመጣ ወዲህ እዚያ ተገናኝተው የተጋቡ፣ ልጅም ያሳደጉ ሐበሾች አውቃለሁ። ነገር ግን እዚያ የሚመርጡት ፎቶ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ሚዜ ሆኖ የተነሣው ወይም ፊልተር ያጠበው ነው። የሐበሻው ሰፈር ጠባብነትም አለ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ሦስት ቀን ፎቶ ሲገፋ ቢያመሽ በአራተኛው ቀን የአጎቱን ልጅ ያገኛል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መተግበሪያ ላይ ያገኙት ሰው ቢዋሽዎ የሚያፍርበት ሰው የለውም። በአክስትዎ በኩል የመጣው ግን ቢያንስ በአንድ ሰው ፊት ያፍራል። ባላገሩ ሽማግሌ ሲልክ፣ ሰባት ቤት ሲቆጥር የኖረው ለዚሁ ነበር። ስልክ የሚጨምርልን፣ ሽማግሌው ከመሄዱ በፊት ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው እንዲነጋገሩ ማድረጉን ነው።

መጀመሪያ ለአክስትዎ ይደውሉ

ወደ አዲሱ ቁጥር ከመደወልዎ በፊት ቁጥሩን የሰጠዎትን ሰው ያናግሩ። «ጥሩ ልጅ ናት» ቢሉዎት አይርኩ፤ በአገራችን ለትዳር የታሰበ ሰው ሁሉ ጥሩ ልጅ ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ «ለመጨረሻ ጊዜ በዓይንዎ ያዩዋት መቼ ነው?» የሚለው ነው። አንዲት የማውቃት ሴት ለታናሽ እህቷ «የታወቀ ጨዋ» ብላ ቁጥሩን የሰጠቻት ሰው ነበር። ያየችው ከ11 ዓመት በፊት ነው፤ ያውም ሠርግ ላይ እስክስታ ሲመታ። በ11 ዓመት ውስጥ ሰውየው አግብቷል፣ ወልዷል፣ ፈትቷል። ልጅቷ ይህን የሰማችው በሦስተኛው ወር ነው። ሰውየው አልዋሸም፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ «ቁጥሯን እንደሰጡኝ ታውቃለች?» ብለው ይጠይቁ። ካላወቀች አይደውሉ። «እስኪ ያስፈቅዱልኝ» ብለው ይመልሱት፤ ሁለት ቀን ቢዘገይ ምንም አይጎዳም። ያለ ፈቃድ በመጣ ቁጥር ከደወሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቁጥሬን ከየት አገኘኸው?» ነው፤ በዚህ የጀመረ ጨዋታ ሲያምር አላየሁም።

ቁጥሩን የሰጠዎት ደላላ ከሆነ ደግሞ ክፍያው በማስተዋወቅ ነው ወይስ በመጋባት? ይህን ካወቁ የሚነግርዎትን ምን ያህል ቀንሰው እንደሚሰሙ ይገባዎታል። «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው... ድምፅሽ ግን ደስ ይላል» ብሎ የሚመጣው ደዋይ ግን ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው። በዚህ መንገድ የተጋቡ አሉ፣ አልክድም። ነገር ግን ስለዚያ ሰው የሚመሰክር አንድ ሰው እንኳ የለም። የመንገድ ሰው ነውና እንደ መንገድ ሰው ይያዙት።

ስልክዎን ያሰናዱ

ይህ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቴሌግራምና ዋትሳፕ ላይ ያለው ፎቶዎ የልጅዎን፣ የመኪናዎን ታርጋ ወይም የመሥሪያ ቤትዎን ባጅ የሚያሳይ ከሆነ ይቀይሩት። መስመር ላይ የነበሩበትን ሰዓት ለሰው እንዳይታይ ይዝጉት። ገና ያልተዋወቁ ሰዎች የሚጣሉት በዚህ ነው፦ «5 ሰዓት ላይ ኦንላይን ነበርሽ፣ ለምን አላነሣሽም?» ሁለተኛ የይለፍ ቃልም ያስገቡ፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

ሴቶች ሁለተኛ ሲም ቢይዙ እመክራለሁ። ሳፋሪኮም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ማውጣት ቀላል ሆኗል፤ ባንክም ሥራም ያልተያያዘበት ቁጥር ነገሩ ካላማረ አውጥቶ ለማስቀመጥ ይመቻል።

ሌላ ሁሉም የሚያውቃት፣ ማንም ግን የማይናገራት ዘዴ አለች። ቴሌብር ላይ ገንዘብ ለመላክ ቁጥሩን ሲያስገቡ፣ ከማረጋገጥዎ በፊት የባለቤቱ ስም ይመጣል። ስሙን አይተው ሳይልኩ ይወጣሉ። ነገር ግን አይቸኩሉ፤ ሲሙ በወንድሟ ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። «ስምሽ ሳራ ነው ብለሽኝ ቴሌብር ላይ ግን ጌታቸው ይላል» ብሎ በመጀመሪያው ጥሪ ምርመራ የጀመረ ሰው አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ጥሪ አልነበረውም። ትሩኮለርም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ሌላ ሰው ቁጥሩን ያስቀመጠበትን ስም ስለሆነ የተከበረች የፋርማሲ ባለሙያ «ሄለን ቁጠባ» ሆና ትመጣለች፤ አንድ ጊዜ የዕቁብ ሰብሳቢ ነበረች ማለት ነው። እነዚህ ነገሮች ለጥርጣሬ መነሻ እንጂ ለፍርድ አይበቁም።

ለጥንቃቄ ያህል፦ የቴሌግራም መደበኛ ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ለዚያ ሚስጥራዊ ውይይት የሚለውን ለብቻው መክፈት ያስፈልጋል። ዋትሳፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ሁሉንም ይመሰጥራል። ያም ሆኖ ማመስጠር ሰውየው መልእክትዎን ፎቶ አንሥቶ ለጓደኞቹ ከማሳየት አያግደውም።

ሰዓቱን ያስማሙ

ሳይናገሩ አይደውሉ፤ አጭር ጽሑፍ ይቅደም። ይህን የመሰለ ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቁጥርሽን አክስቴ ሰጥተውኝ ነው፤ ነግረውሻል ብዬ አስባለሁ። በሚመችሽ ሰዓት ለአሥር ደቂቃ ያህል ብደውል ደስ ይለኛል። ሐሙስ ማታ ይሻላል ወይስ ቅዳሜ?»

ማን እንደሰጠዎት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ መቼ፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የአበባ ምስል፣ «መልካም ቀን» የሚል ካርድ፣ የመዝሙር ቪዲዮ ለኋላ ይቆይ። ሚስኮልማ በፍጹም። ለጓደኛ *807* ብሎ መልሰህ ደውልልኝ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ለማያውቁት ሰው የመጀመሪያ ሰላምታ ሲሆን ግን ስለ እርስዎ ብዙ ይናገራል።

ሁለታችሁም አዲስ አበባ ካልሆናችሁ ሰዓቱ ራሱ ሥራ አለው። የኢትዮጵያ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም፤ የአሜሪካና የአውሮፓ ይቀየራል። ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ለንደን 2 ወይም 3፣ ፍራንክፈርትና ስቶክሆልም 1 ወይም 2። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ከእኛ እኩል ናቸው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ቴል አቪቭና ቤሩት በበጋቸው እኩል፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ።

ዋናው ግራ መጋባት ግን ከዚህ አይመጣም። «2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ሲባል በማን ሰዓት? አሜሪካ 15 ዓመት የኖረ ሰው 2 ሰዓት ሲል 8 ፒ ኤም ማለቱም ሊሆን ይችላል፣ 2 ፒ ኤም ማለቱም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጽፈው ይላኩ፦ «በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በአንተ ከቀኑ 2 ፒ ኤም።» የተቀጠረ ጥሪ ስለቀረ «ንቆኝ ነው» ተብሎ የፈረሰ ነገር ስንት አለ! ዕድሜ ላይም ይህ ይገጥማል። «የ85 ልጅ ነኝ» ያለ ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጠየቀ ልዩነቱ ከ7 እስከ 8 ዓመት ነው፤ ለትዳር ደግሞ 8 ዓመት ቀላል አይደለም።

ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ጋር የሚደውሉ ከሆነ ለየት ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነጻ የምትሆነው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ስልኳን አሠሪዋ የሚይዙባት ቀን አለ። እርስዎ ደጋግመው የደወሉት ጥሪ እሷ ላይ ቁጣ ሊያመጣ ይችላል። ደዋይዋ እሷ ትሁን፤ እርስዎ ይጠብቁ። ኤምሬትስ ውስጥ በዋትሳፕ መደወል የተገደበ ነው፤ ብዙዎቹ ቦቲምን ይጠቀማሉ። ስለዚህ «ለምን በዋትሳፕ አታነሺም?» ብለው አይውቀሷት።

የመጀመሪያው ጥሪ

ከጓደኛ ጋር ተቀምጠው፣ ታክሲ ውስጥ ወይም ምግብ እያኘኩ አይደውሉ። ክፍልዎን ይዝጉ፣ ውኃ አጠገብዎ ያድርጉ። 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ጨዋታው ቢጥምም እንኳ ሳያልቅ ይዝጉት፤ ለቀጣዩ የምታወሩት ይቀራችኋል።

አማርኛችን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንድ ውሳኔ ያስገድደናል፤ አንቺ ነው እርስዎ? አዲስ አበባ ያደጉ እኩዮች ቀጥታ አንተና አንቺ ይባባላሉ፤ ማንም አይከፋም። አንቱ በሚባባሉበት አገር ያደገ ሰው፣ ወይም ዕድሜው ከ40 የዘለለ ሰው ከሆነ ግን በእርስዎ ጀምሮ መውረድ ይሻላል፤ በአንተ ጀምሮ ወደ እርስዎ መውጣት ያሳፍራል። «እህቴ» ማለት ጥሩ መሸጋገሪያ ይመስላል፤ ግን ለትዳር ለታሰበች ሴት ሦስቴ «እህቴ» ካሉ በኋላ መመለሻው ያስቸግራል።

እንዲህ ይጀመራል፦

«ሄሎ?»

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አመሸሽ? ትናንት መልእክት የላክሁት ነኝ።»

«እ... ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ። አሁን ይመችሻል ወይስ ልመለስ?»

ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ አይዝለሏት። «ይመቸኛል» ስትል አነጋገሩ ራሱ ይነግርዎታል፤ በሹክሹክታ ከሆነ አጠገቧ ሰው አለ፣ «ትንሽ ቆይተህ» ካለች ደግሞ አክብረዋታል።

ከዚያ ምን ይጠየቃል? «ስለ ትዳር ያለሽ አመለካከት ምንድን ነው?» አይባልም። ይህ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው፤ መልሱም የተዘጋጀ ነው፦ መከባበር፣ መተማመን፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር። ከዚህ ሁሉ «ዛሬ ምን ዋልሽ?» ይበልጣል። ሰው ቀኑን ሲተርክ አለቃውን ያማል ወይስ ያዝንለታል? እናቱን ሆስፒታል ይዞ ሄዶ ከሆነ ስለ እናቱ ነው የሚያወራው ወይስ ስላባከነው ሰዓት? በመሐል የቤት ሠራተኛዋ ስትጠራው ድምፁ ተቀይሮ ይመልሳል? አንዲት ጓደኛዬ የወደፊት ባሏን የመረጠችው በአንድ ጥሪ መሐል ነው። የጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ስኳር ረስታ አምጥታለት «አንቺዬ፣ ቆይ እኔው እነሣለሁ» ሲል ሰማች። ዐሥር ፎቶው ይህን አይነግራትም ነበር።

እርስዎም ይናገሩ። ጥያቄ ብቻ የሚያዘንብ ሰው መርማሪ ይሆናል፤ ስለራሱ ብቻ የሚያወራ ደግሞ የሰውን ካርድና ጊዜ ይጨርሳል። ዝም የተባለበት ሰከንድ ካለ አይደንግጡ፤ ዝምታውን የማይፈራ ሰው ያዳምጣል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ጥሪ ደሞዝ፣ ቤት፣ የቪዛ ዓይነት አይጠየቅም። ቢጠየቁ ይሳቁበትና ያልፉት።

ሦስተኛው ጥሪ ላይ ቁም ነገሩን ያውጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ሞቅ ሲል ያን ሙቀት ላለማደፍረስ ይፈራና አስፈላጊውን ጥያቄ እስከ አራተኛው ወር ያቆየዋል። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ሳያሽሞነሙኑ ይጠይቁ፤ ራስዎም አስቀድመው ይናገሩ፦ «እኔ አንድ ጊዜ አግብቼ ነበር፤ 6 ዓመት የሆነው ልጅ አለኝ። አንቺስ?» አስቀድሞ የተናገረ ሰው ሲጠይቅ ከባድ አይሆንም።

ሃይማኖት የሚጠየቀው በስሙ ብቻ አይደለም። «ኦርቶዶክስ ነኝ» የሚል ዐቢይ ጾምን ሙሉ የሚጾምም አለ፣ ለስቅለት ብቻ የሚያስታውስም አለ፤ ሁለቱ አንድ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ልዩነቱ ይታያል። ከሙስሊም ወይም ከጴንጤ ቤተሰብ ጋር ከሆነም ያው ነው፤ ቤተሰቡ ምን ይል ይሆን የሚለው ጥያቄ ቀደም ብሎ ይምጣ። የአያቶች ስምም ይነሣ። በስልክ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ አምስተኛው ላይ አንድ አያት ላይ ተገናኝተው እየሳቁ የተለያዩ ሰዎች አሉ፤ ዛሬ ዘመዳሞች ሆነው ይደዋወላሉ።

ውጭ ካለ ሰው ጋር ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ያንሡ። የት ልንኖር ነው? ለቤተሰብ በየወሩ ምን ያህል ይላካል? ሁለተኛው ስግብግብነት ይመስላል፤ አይደለም። በየወሩ ለእናቱና ለሦስት ወንድሞቹ የሚልክ ሰው ክቡር ሰው ነው፣ ግን አብራው የምትኖረው ሴት ካገባች በኋላ ብትሰማው ሸክም ይሆንባታል።

አዘውትሮ መደወል፣ ግን በልክ

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጥሪ ጥሩ ነው። የሌሊት ጥቅል ረከሰ ተብሎ እስከ ንጋት ማውራት ግን ከመተዋወቅ ይልቅ ማደንዘዣ ይሆናል። ሰው በሌሊቱ 8 ሰዓት ያለውን ጠዋት አያስታውሰውም፤ እርስዎ ግን እንደ ቃል ኪዳን ይዘውታል። ጽሑፍም ልክ አለው። ይህን አይተውት ያውቃሉ፦

«ሰላም ነሽ?»
«ሰላም።»
«ምን አለ?»
«ምንም። አንተስ?»
«አለሁ።»

እንዲህ ለሦስት ሳምንት ከመጻፍ አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ መደወል ይሻላል። የድምፅ መልእክት በመካከል ያለ ነገር ነው፤ ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ። አራት ደቂቃ የሆነ የድምፅ መልእክት የሚልክ ሰው ሥራ ላይ መሆንዎን አላሰበም።

በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ በቪዲዮ ይተያዩ። ተለባብሶ ሳይሆን በተራ ሰዓት፤ እሷ ቡና ስታፈላ፣ እሱ ሸሚዝ ሲተኩስ። ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት በሚቻልበት በዚህ ጊዜ «ካሜራዬ ተበላሽቷል» ለሁለት ሳምንት ይቻላል፤ ለሁለት ወር ግን አይቻልም።

ገንዘብ የሚጠይቅ ድምፅ

ሲጀመር ጥቂት ነው፤ «ካርድ አልቆብኝ ነው፣ 50 ብር ሙላልኝ።» ያገሬ ሰው ይህን መከልከል ነውር ይመስለዋል። ነውር አይደለም፤ ገና በአካል ላላዩት ሰው ካርድም፣ ቴሌብርም፣ ብድርም የለም። «ይህ የቤታችን ሕግ ነው» ብለው ይሳቁበት። ሰውየው ቀና ከሆነ አብሮ ይስቃል።

ከባዱ ሲመጣ መልኩ የታወቀ ነው። ከውጭ ስልክና ሽቶ የያዘ ጥቅል ተልኮልዎታል፣ ጉምሩክ ይዞታል፣ ማስለቀቂያውን ይክፈሉ። ወይም እናቱ ድንገት ታመመች። ወይም ደግሞ «ስልክሽ ላይ አምስት ቁጥር ያለው ኮድ ይመጣል፣ ላኪልኝ» ይባላሉ። ያ ኮድ የቴሌግራም መግቢያዎ ነው። ከሰጡት በደቂቃ ውስጥ በስምዎ ለዘመድዎ ሁሉ «ገንዘብ ቸገረኝ» እያለ ይጽፋል። የዋትሳፑ ባለ ስድስት ቁጥር ነው፤ ሥራው ያው። ቀደም ሲል ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያስገቡ ያልሁት ለዚህ ነው።

የገላ ፎቶ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመ አይላኩ። ተልኮ ከሆነና «ለቤተሰብሽ እበትነዋለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ከመጣ ደግሞ አይክፈሉ፤ የከፈለ እንደገና ይጠየቃል። ንግግሩን አያጥፉ፤ ቁጥሩ፣ ቀኑና ዛቻው እንዲታይ ፎቶ አንሥተው ለፖሊስ ይውሰዱት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማስፈራራት በወንጀል ያስቀጣል። የሚያፍረው አስፈራሪው ይሁን።

ገንዘብ የማይጠይቅ ግን የሚዋሽም አለ። ሥራ ላይ ሲሆን ለሰዓታት ያወራል፤ ቅዳሜ ማታና እሁድ ስልኩ ዝግ ነው። በቪዲዮ ሲመጣ ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ነው። ይህ ሰው ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ሳለ እንዲደውል ይጠይቁት፤ መልሱ ሩቅ አይደለም።

መገናኘት

ከተማችሁ አንድ ከሆነ ከአንድ ወር በላይ አይቆይ። በቀን፣ ሰው በሚበዛበት፣ ለአንድ ሰዓት። ቆሞ የሚጠጣበት ቡና ቤት ለመጀመሪያ ቀጠሮ የሚመቸው፣ ካላማረ ስኒው ሲያልቅ ነገሩም ስለሚያልቅ ነው። በራስዎ ራይድ ይሂዱ፣ በራስዎ ይመለሱ፤ የት እንደሚሄዱ ለአንድ ሰው ይንገሩ። ድምፁን የለመዱት ሰው መልኩ ያልጠበቁት ቢሆን ግማሽ ሰዓት ይስጡት፤ ዓይን ጆሮን እስኪለምደው ጥቂት ጊዜ ይወስዳል።

ውጭ ያለ ሰው ከሆነ በዚያ ከተማ ያለ የራስዎን ዘመድ ልከው ያስዩት። ይህ ስለላ አይደለም፤ ድሮም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰው ሄዶ ያይ ነበር። አሜሪካ ከሆነ ደግሞ ይህን ይያዙ። የእጮኛ ቪዛ ማመልከት የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ይዞ «የእጮኛ ቪዛ እልክልሻለሁ» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። አመልካቹ ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታችሁን ማሳየት አለበት፤ ከዚህ ነጻ የሚደረገው ጥቂት ሰው ነው። በዚህ ቪዛ የገባ ሰውም በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለበት። ስለዚህ ሦስት ዓመት በስልክ የተዋደዱ ሰዎች ቲኬት ካልቆረጡ በመንግሥት ዓይን ገና አልተገናኙም። የጥሪ ዝርዝራችሁንና መልእክታችሁን ግን አታጥፉ፤ ግንኙነቱ እውነተኛ መሆኑን ከሚያስረዱት ወረቀቶች ጋር ይቀርባል።

ካልሆነስ?

ስልክ አለማንሣት መልስ አይደለም። ሰውን በቴሌግራም ብሎክ አድርጎ መሰወር በመተግበሪያው ዓለም የተለመደ ይሆናል፤ እዚህ ግን መሐል ላይ አክስትዎ አሉ። ደውለው ይንገሩ፣ አጭር ይሁን፦ «ጨዋታሽ ደስ ብሎኛል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ለትዳር አብረን የምንሄድ አልመሰለኝም። በከንቱ እንዳትጠብቂኝ ብዬ ነው የነገርኩሽ።» ምክንያት ቢጠየቁ አንድ ብቻ ይናገሩ፤ የሰውን ጉድለት እየዘረዘሩ አያሳዝኑ። እርስዎም ይህን ቢሰሙ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ይዝጉ፤ ለምን ለምን ማለት አይመልሰውም።

ከዚያ፣ ሆነም አልሆነም፣ ለአክስትዎ ይደውሉ። ቁጥሩን ከላኩ ጀምሮ ስልካቸውን ይዘው እየጠበቁ ናቸው።